ሰባቱ ግምቶቼና በግንብ የማይገድሉት መሪጌታ

ስሜ በር ላይ ተለጥፏል! ዛሬ ጠዋት፣ በቀበሌያችን አዳራሽ በር ላይ፣ በታይፕ ተጽፎ፣ ክብ ማኅተም ተመትቶበት። ከላይ «የቼዝ ክበብ አባላት» ይላል። ከዚያ ዐሥራ አምስት የወንድ ስም ተደርድሯል። ዐሥራ ስድስተኛው «አስካለ ደምሴ» ነው። እኔ ነኝ! ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለአራተኛ ጊዜ ላነብ ስል ጓደኛዬ አበቡ «በቃ እንግዲህ፣ ቀለሙን በዓይንሽ ጨረስሽው!» ብላ ጎትታ ወሰደችኝ።

የዚህ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጅ መምህር ታደለ «እንዴት እዚያ እንደደረስሽ ራስሽ ጻፊው፤ ምንም አትዝለይ» ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩት። ትንሽ ይረዝማል። የምታነቡት ቆማችሁ ነውና እግራችሁን አመቻቹ።

መጀመሪያ የያኔዋን አስካለን ላስተዋውቃችሁ። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ መጨረሻው ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው። መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም። ሌላው ሲመልሰው ግን «ይሄንንማ እኔም አውቀው ነበር» እያለች በሆዷ ትንገበገባለች። አባቷ እንጨት ጠራቢ ነው፤ መስቀልና ዱካ ይሠራል። ዐምና ቀበሌው ስምንት የቼዝ ገበታ አዘዘው። እሱ ጠረበ፤ እኔ ደግሞ በጠርሙስ ስባሪ እየፋቅሁ አለሰለስኩ። ሁለት መቶ ኀምሳ ስድስት ወታደር፣ ፈረስ፣ ጳጳስና ግንብ በእጄ አልፏል። አንዱን ባለሰለስኩ ቁጥር «ይሄስ እንዴት ነው የሚሄደው?» እያልኩ አባቴን ስጠይቅ ጨዋታውን ለመድኩት።

ክበቡ ውስጥ ግን ሴት አልነበረችም። የሚከለክል ሕግ ኖሮ አይደለም፤ «ለሴቶች የጥልፍ ክበብ አለ» ተብሎ ነው። እኔ ጥልፍ አልወድም። ስለዚህ በአዳራሹ መስኮት በውጭ በኩል ድንጋይ ላይ ቆሜ ጨዋታውን አይ ነበር። ያቺ ድንጋይ የእኔ ክበብ ነበረች በሉት።

አዝመራው እንደተሰበሰበ የአውራጃው የቼዝ ጥሎ ማለፍ እዚህ ላሊበላ እንዲካሄድ ተወሰነ። ከየወረዳው የተመረጡ ስምንት ሰዎች ይመጣሉ። የተሸነፈ ወዲያው ይሰናበታል። ቅዳሜ አራት ጨዋታ፣ እሑድ ረፋድ ሁለት፣ እሑድ ከሰዓት የመጨረሻው፤ ድምሩ ሰባት። መምህር ታደለ ለትምህርት ቤታችን አንድ ነገር ፈጠሩ። የስምንቱን ስም በሰሌዳ ላይ ጻፉና፣ የሰባቱንም ጨዋታ አሸናፊ ውድድሩ ሳይጀመር በወረቀት ገምተን በጠመኔ ካርቶን ውስጥ እንድንጨምር አዘዙን። ከእያንዳንዱ ግምት ጎን «ምክንያት» የሚል መስመር አለ። «ያለ ምክንያት የተገመተ ዕጣ ማውጣት ነው» አሉ።

ወረቀት ልወስድ እጄን ስዘረጋ ክበቡን የሚመራው የወጣት ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ፋንታሁን አየኝ።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትጽፊ ነው?»

«ግምቴን።»

«በመስኮት እያዩ ግምት!» አለ፤ ልጆቹ አውካኩ። «ከመስኮት ምን ይታያል?»

«ሁሉም ይታያል፣ ጓድ።» ይህን ማን እንደተናገረው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አፌ ነው።

«እንግዲያው ሁላችሁም ስሙልኝ! ሰባቱንም ካገኘች ክበቡ ውስጥ ወንበር ይሰጣታል። አንድ፣ አንዲት እንኳ ከሳተች ግን ከዚያች ድንጋይ ትወርዳለች፤ ሁለተኛ መስኮቱ ላይ አላያትም። ተስማማን?»

ድንጋይዋን አሰብኳት። ያቺን ካጣሁ ምንም የለኝም።

«ተስማማን» አልኩ።

አሁን ወደ መሪጌታ ልምጣ። ለየወረዳው የተላከውን ደብዳቤ የጻፈው ሰው «ቼዝ» የባዕድ ቃል ነው ብሎ «የሰንጠረዥ ውድድር» ብሎ ጻፈው። የአዳራሹ በር ላይ የተለጠፈውም ያው ነው። ደብዳቤው ኮን ሲደርስ እዚያ ያሉት ሰዎች «ሰንጠረዥ? ሰንጠረዥማ መሪጌታ ጥበቡ ናቸዋ!» አሉ። መሪጌታ ጥበቡ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከአባታቸው የተማሩትን የድሮውን ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። ከኮን እስከ ጋሸና በእግር፣ ከጋሸና በእህል መኪና ላይ ተጭነው ሐሙስ ዕለት መጡ። አዳራሹ ገብተው ገበታውን ሲያዩ ግን ወጡና ጠራቢውን አጠያይቀው እኛ ቤት ደረሱ።

«አንተ ነህ ይህን የጠረብከው?» አሉት አባቴን።

«እኔ ነኝ፣ መሪጌታ።»

«እጅህ ይባረክ። ነገር ግን ይሄ ሌላ ጨዋታ ነው። ለሰንጠረዥ ጠርተው የማላውቀውን አቀረቡልኝ።» ከጋቢያቸው ሥር ቀይ ጨርቅ አውጥተው ዘረጉ፤ ጥቁር ጥብጣብ በቁምና በአግድም ተሰፍቶበታል። «ሰንጠረዥ ይሄ ነው። አሁን ልመለስ ወይስ ልማር?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ ታስተምርዎታለች።»

መሪጌታ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ዱካ ስበው ተቀመጡ። «በይ እንግዲህ፣ የኔታ» አሉኝ። እኔን! ጆሮዬ ጋለ።

ንግሥቲቱን አነሣሁ። «ይቺ በፈለገችው አቅጣጫ፣ እስከፈለገችው ድረስ ትሄዳለች።»

«በእኛ ይሄ ፈርዝ ነው፤ በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚሄድ! ለዚች ማን ፈቀደላት?»

አባቴ ከሚጠርበው ቀና ሳይል «አብዮት ነው፣ መሪጌታ። ሴቶችም ተነሥተዋል» አለ። መሪጌታ ሳቃቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሁሉን ቶሎ ያዙት። ያስቸገራቸው ተራ መጠበቅ ነው። በድሮው ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ወታደር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል የለም፤ ሁለቱም በየፊናቸው፣ በቻሉት ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ወረራ ይሉታል። እኔ አንድ ወታደር ሳንቀሳቅስ እሳቸው ሦስት አንቀሳቅሰው ይገኛሉ። «ተራ፣ መሪጌታ!» ስላቸው «ወይ ይቺ እጅ!» ብለው ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ይቀብሩታል።

አመሻሹ ላይ አባቴን ገጠሙት። ግንባቸውን ዝቅ ቢያደርጉት ጨዋታው ያልቅ ነበር። አላደረጉም። በወታደር እየገፉ፣ እየዞሩ፣ ቆይተው ንጉሡን ገደሉ።

«መሪጌታ፣ ቅድም በግንብ ይጨርሱት ነበር እኮ» አልኳቸው።

«በግንብ?» ፊታቸው ተለወጠ። «በግንብማ ማንም ይገድላል። ግንብ ጉልበት ነው። ጨዋ ሰው በወታደር ይገድላል፤ ባይሆን በፈርዝ።»

«በአዲሱ ጨዋታ ግን በምንም ቢገድሉ እኩል ነው።»

«በአዲሱ እኩል ይሁን። እኔ በግንብ ገድዬ በምን ፊቴ ኮን እገባለሁ?»

ዐርብ ቀኑን ሙሉ ተወዳዳሪዎቹ አዳራሹ ውስጥ ሲለማመዱ ድንጋዬ ላይ ነበርኩ። የማየው ገበታውን ብቻ አይደለም፤ እጃቸውንና ዓይናቸውንም ነው። ለምሳሌ የታሪክ መምህራችን ጥሩ እርምጃ ሲያገኙ ቀና ብለው ተመልካቹን ያያሉ። ከጋሸና የመጣው መካኒክ ግን ጥሩ ሲያገኝ ይበልጥ ያቀረቅራል። በመጀመሪያው ዙር ሁለቱ ይገናኛሉ። ተማሪው በሙሉ የታሪክ መምህራችንን ጻፈ፤ እኔ መካኒኩን።

እንዲህ እያልኩ ስድስቱን ሞላሁ። የመጨረሻውን ጨዋታ መሪጌታ ከእኛው ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሞገስ ጋር ይጫወቱታል ብያለሁ። ማን ያሸንፋል? ልቤ «መሪጌታ» ይላል። ተማሪዬ ናቸው፤ «የኔታ» ብለውኛል። ወረቀቱ ግን የጠየቀኝ ማን እንዲያሸንፍ እንደምፈልግ አይደለም። ድሬሰር ሞገስ አንዴ ካመለጠ የማይያዝ ሰው ነው፤ መሪጌታ ደግሞ በግንብ የመግደል ዕድል ሲመጣላቸው ያሳልፉታል። እስክሪብቶዬን ነክሼ ቆየሁና «ድሬሰር ሞገስ» ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቱንም ጻፍኩ። ለአበቡ ብቻ ነገርኳት። ካርቶኑ ታሸገ።

ቅዳሜ አራቱም አሸናፊዎች እኔ ያልኳቸው ሆኑ። መካኒኩ ሲያሸንፍ አበቡ ጮኻ አንድ የቀበሌ ዘበኛ ከመስኮቱ ሊያባርረን ነበር። እሑድ ረፋድ መሪጌታ ከከተማው ውጭ ነአኩቶ ለአብ አስቀድሰው፣ እግራቸው አቧራ ለብሶ፣ ሰዓቱ ሊያልፍ ሲል ደረሱና ከቡግና የመጣውን ወጣት ጸሐፊ በወታደር ገደሉት። ድሬሰሩም መካኒኩን አሸነፈ። ስድስት! የቀረችኝ አንዲት ናት።

ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ፤ እኔና አበቡ ድንጋይዋ ላይ ተጣበቅን። ዳኛው መምህር ታደለ ናቸው። ድሬሰሩ የመጀመሪያውን ወታደር ገፋ። መሪጌታ መለሱ። ድሬሰሩ ፈረስ አወጣ። መሪጌታ እንዲሁ። ከዚያ ድሬሰሩ አገጩን ይዞ ማሰብ ጀመረ። ረዥም አሰበ። የመሪጌታን ቀኝ እጅ አየሁት፤ ከጭናቸው ሥር ሹልክ ብሎ ወጣ። ጠቅ፤ አንድ ወታደር። ጠቅ፤ ሌላ ወታደር። ወረራ ገቡ!

«ፎርፌ!» ጓድ ፋንታሁን ከመቀመጫው ተነሣ። «ያለ ተራቸው፣ ያውም ሁለት ጊዜ! ይሄ ማጭበርበር ነው! ጨዋታው ለድሬሰር ሞገስ ይሰጥ!»

አዳራሹ ተንጫጫ። መሪጌታ እጃቸውን አዩት፣ ገበታውን አዩት፤ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ በሰው ፊት አጭበርባሪ ሲባሉ ያኔ የመጀመሪያቸው ነው።

አበቡ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «አገኘሽው! ድሬሰር ሞገስ ብለሽ የለ! ሰባት ሞላሽ እኮ!»

እውነቷን ነው። ፎርፌ ከተባለ ወንበሩ የእኔ ነው። ጓድ ፋንታሁን ሳያውቀው ለእኔ ነበር የሚጮኸው።

«ዝም በይ፣ በማርያም!» አለችኝ አበቡ፤ አፌ ሲከፈት አይታ።

«መምህር!» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። መስኮቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ግማሽ አካሌን ወደ ውስጥ አስገብቼ «መምህር ታደለ!» ብዬ ጮኽኩ። አሁን ሰው ሁሉ ዞረ። እዚያች ድንጋይ ላይ አንድም ቀን ድምፄ ተሰምቶ አያውቅም ነበር።

«በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ያንብቡልን!»

«ምን አገባት እሷን?» አለ ጓድ ፋንታሁን።

መምህር ታደለ ግን ወደ በሩ ሄደው አነበቡ። «የአውራጃው የሰንጠረዥ ውድድር...»

«ይኸው! የጠራናቸው በዚህ ስም ነው። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ወታደር እስኪበላ ተራ የለም። አላጭበረበሩም፤ እጃቸው የለመደውን ነው ያደረጉት። ቃሉን የጻፍነው እኛ ነን!»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እውነቷን ነው! ወረራ ነው ይሄ! አያቴ ሲጫወት አይቻለሁ» አሉ። ድሬሰር ሞገስ ተነሥቶ «እኔ በፎርፌ ማሸነፍ አልፈልግም። ሁለቱን ወታደር ይመልሱና እንቀጥል» አለ። መምህር ታደለም እንደዚያው ወሰኑ።

አበቡ አኮረፈችኝ። «አብደሻል» አለች። ምናልባት። ግን ቀለል ብሎኝ ነበር።

ጨዋታው ቀጠለ። መሪጌታ አሁን ቀኝ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው በግራቸው ነው የሚጫወቱት። እንዴት ያለ ጨዋታ ነበር! አንድ ሰዓት ሳይሞላ የድሬሰሩን ንጉሥ ጥግ አስያዙት። ንጉሥ ስል ይቅርታ፤ ጓድ ፋንታሁን በውድድሩ መክፈቻ «ንጉሥ የሚባል ቀርቷል፣ ‹ዋናው› በሉት» ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ግን እሱ ራሱ ወንበር ላይ ቆሞ «ንጉሡ! ንጉሡ አለቀለት!» እያለ ይጮኽ ነበር።

አየሁት። ግንቡ እስከ ታች ቢወርድ ድሬሰሩ መሄጃ የለውም። አንድ እርምጃ ነው። አዳራሹ በሙሉ አይቶታል። የመሪጌታ ግራ እጅ ተነሣ፤ ከግንቡ በላይ አየር ላይ ቆመ።

እኔ ምን ተመኘሁ መሰላችሁ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወንበሬን ረሳሁት። ድንጋይዋንም ረሳሁት። «ያድርጉት፣ ይግደሉት» አልኩ በልቤ። ከአፌ ግን አልወጣም፤ ከውጭ መርዳት ክልክል ነው፤ እኔም ጥርሴን ነከስኩ።

እጃቸው ከግንቡ ላይ ዞር አለና ወታደሩን አንድ ቤት ገፋ።

አዳራሹ «ውይይይ!» አለ፤ እንደ አንድ ሰው። «አላዩትም!» «ሸመገሉ!» የሚል ጉምጉምታ ተነሣ። ያዩትማ አይተውታል። በሁለት እርምጃ በወታደር ሊገድሉት ነበር። ድሬሰር ሞገስ ግን ላቡን ጠርጎ በፈረሱ ቼክ አለ፤ ወታደሩን በላው፤ ጥጉን ጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልተያዘም። ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሉት። በመጨረሻ ድሬሰሩ ግንቡን አውርዶ «ማት» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ያፈረ ይመስል።

መሪጌታ ገበታውን አዩና ሳቁ። «በግንብ ገደልከኝ! በል፣ ነውሩ ያንተ ነው!» አሉና አቅፈው ጉንጩን ሳሙት።

ካርቶኑ ተከፈተ። መምህር ታደለ ወረቀቶቹን እያነበቡ የሳቱትን በየተራ ጣሏቸው፤ ከአራት በላይ ያገኘ አልነበረም። የእኔ ወረቀት ወደ መጨረሻ ላይ ወጣ። አንድ፣ ሁለት እያሉ ቆጠሩ። ስድስተኛው ላይ ድምፃቸው ዝግ አለ። «ሰባተኛ፤ ድሬሰር ሞገስ። ምክንያት፤ መሪጌታ ጥበቡ የበለጠ ይችላሉ፤ ነገር ግን በግንብ መግደል ስለሚያፍሩ ዕድላቸውን ያሳልፋሉ።»

መሬት ብትከፈት ገብቼ ነበር። ሰውየው እዚያው ተቀምጠዋል እኮ!

«ነይ ወዲህ» አሉኝ መሪጌታ። በበሩ ዞሬ ገባሁ። «ይህን ካወቅሽ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም፣ የኔታ?»

«ብነግርዎትስ ይተዉት ነበር?»

አሰቡ። አዳራሹም አብሯቸው የሚያስብ ይመስል ነበር።

«አልተወውም» አሉ። «ግን ቅድም ዝም ብትይ በፎርፌው ታሸንፊ አልነበር?»

«እሱማ ያለ ምክንያት መሆኑ ነው» አልኳቸው። «እኔ የጻፍኩት ፎርፌ አይደለም።»

ጓድ ፋንታሁን ወረቀቴን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ቃሉን ለመፈጸም «በስብሰባ መወሰን አለበት» አለ። ሦስት ሳምንት ሦስት ስብሰባ ተደረገ። ዛሬ ጠዋት ተለጠፈ። ስብሰባ ላይ ስለ እኔ የተከራከረልኝ ራሱ ጓድ ፋንታሁን እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እዚህ ላይ አመሰግነዋለሁ።

እናንተ የምታነቡ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ሰው መገመት መቻሌን አይደለም የምነግራችሁ። መገመትማ በመስኮትም ይቻላል። እኔን የለወጠኝ የጮኽኩባት ደቂቃ ናት። የሚጠቅመኝ ዝም ማለት ነበር፤ የማውቀው ግን ሌላ ነበር፤ የማውቀውን ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣለሁ። ትናንት በሂሳብ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሦስተኛውን ግን አገኘሁት። የያኔዋ አስካለ ብትሆን ሦስቱንም በሆዷ ይዛ ትሄድ ነበር፤ ትክክሉንም ጭምር።

ደግሞ አንድ መልእክት አለኝ። መሪጌታ ጥበቡ ለገና ከኮን ይመጣሉ። «አዲሱን አስተምረሽኛል፤ የድሮውን ደግሞ እኔ ላስተምርሽ። የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፣ ወንድ ሴት አልልም» ብለው ልከውብኛል። በበዓሉ ማግስት ከሰዓት፣ በአባቴ የሥራ ቦታ ደጃፍ ቀዩን ጨርቅ እንዘረጋለን። ጨዋታውን ጨርሶ የማያውቅም ይምጣ። አንድ ነገር ብቻ፤ አባቴ ዱካ ጠራቢ ቢሆንም ለበዓሉ ተሸጦ ቤታችን የቀረው ሁለት ብቻ ነው። መቀመጫችሁን ይዛችሁ ኑ።